ስድስት ጠገራ ላክሁ፣ አምስት ደረሰ

ጥያቄ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፍላችሁ ከሐይቅ ነው። ዕድሜዬ 31፣ ሥራዬ መምህርነት፣ ባለትዳርና የአንድ ልጅ አባት ነኝ። የድሮ ገንዘብ መሰብሰብ ከጀመርሁ አራት ዓመት ሆነኝ፤ የእቴጌ ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ጠገራ ብር፣ የምኒልክ ብር፣ የጃንሆይ ሳንቲም። መጀመሪያ ሰው ሁሉ ይስቅብኝ ነበር። አሁን ባቲ ገበያ የሚውሉ ብር ሠሪዎች ራሳቸው «አንድ ነገር መጥቷል» እያሉ ይደውሉልኛል።

ነገሩን ያስተማሩኝ አዲስ አበባ የሚኖሩ አንድ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ከሁለት ወር በፊት ስድስት ጠገራና አንድ የ1889 የምኒልክ ብር ልሸጥላቸው ተስማማን። ግማሹን ዋጋ ወዲያው በባንክ ላኩልኝ። ዕቃውን ደሴ ወጥቼ በፖስታ ቤት ልላከው ስላቸው «ተወው፣ ይዘገያል፤ ለአውቶቡስ ረዳት ስጠው፣ እኔ መናኸሪያ ሄጄ እቀበላለሁ» አሉኝ። ሰባቱን ብር በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ብስኩት ካርቶን ውስጥ ከትቼ፣ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጌ ለረዳቱ ሰጠሁት። ምን እንደሆነ አልነገርሁትም። ደረሰኝም የለም።

በማግስቱ ደወሉ። «ጠገራው አምስት ነው፤ የምኒልኩም ፊቱ ላይ ተጭሯል» አሉኝ። ክው አልሁ። በእጄ ቆጥሬ ነው የከተትሁት። አስከትለውም «ኦሪጅናል የ1780 ብለህ ጽፈህልኝ አንዱ የጣሊያን ሥራ ነው» አሉና ቀሪውን ክፍያ ያዙት። ይህ ሳያንስ ሰብሳቢዎች በምንገናኝበት የቴሌግራም ቡድን ላይ «ከወሎ የሚላክ ዕቃ በዓይናችሁ ሳታዩ ገንዘብ እንዳትልኩ» ብለው ጻፉ። ስሜን አልጠሩም። ግን እዚያ ከወሎ የምሸጥ እኔ ብቻ ነኝ።

ከስድስቱ አንዱ የአያቴ ድሪ ላይ የነበረ ጠገራ ነው። ማንጠልጠያ ጆሮው ተነቅሎ ጠርዙ ላይ የብየዳው ምልክት ቀርቷል። ኪሴ ሲሳሳ ነው እሱንም የጨመርሁት። የጠፋው እሱ ይሁን አይሁን አልጠየቅሁም፤ ልጠይቅ ፈራሁ። ባለቤቴ «ተወው፣ ከትልቅ ሰው ጋር አትካሰስ» ትለኛለች። ልተወው ወይስ ልከራከር? ወልድያ ያለ አንድ ሰብሳቢ ደግሞ አንድ ብር «ያዝልኝ» ካለኝ ሦስት ወር አለፈው። ውጭ አገር ያለች ዘመዴም ሁለት ጠገራ በመንገደኛ ላክልኝ ትላለች። ከእንግዲህስ እንዴት ነው የምልከው?

ግራ የገባኝ፣ ከሐይቅ

መልስ

ወንድሜ፣ ስለ ገንዘቡ የጻፍኸው ጥቂት ነው። ስለ ጋሼና ስለዚያች «ከወሎ» ስለምትለው ቃል ስትጽፍ ግን እጅህ ከበድ ይላል። እስቲ ራስህን ጠይቅ፤ ነገ ጠዋት ጋሼ ቀሪውን ሙሉ ክፍያ ልከውልህ የጻፉትን ግን እንዳለ ቢተዉት፣ እንቅልፍ ይወስድሃል? ገንዘቡን ቀንሰው ጽሑፉን ቢያነሱልህስ? የትኛው ላይ እንደምትጸናና የትኛውን እንደምትለቅ የሚነግርህ የዚህ መልስ ነው። ከመደወልህ በፊት እወቀው።

አንድ ስልክ ላይ አራት ነገር ተጠቅልሎ ነው የወረደብህ፤ የጎደለው፣ የተጫረው፣ «ኦሪጅናል» የምትለው ቃልና የቡድኑ ጽሑፍ። አንድ ላይ ካነሣሃቸው አንዱ ሌላውን ያከርረዋል። ስለዚህ አንድ በአንድ እንያቸው። ጥፋቱም የአንድ ሰው አይደለም፤ የሁለቱ ወዳንተ ያዘነብላል፣ የአንዱ እስካሁን አልለየለትም፣ የአንዱ የጋሼ ነው።

ከጎደለው እንጀምር። አንድ ጠገራ 28 ግራም ከትንሽ ነጥብ ይመዝናል፤ የምኒልኩም ብር ከዚያ አይርቅም። ሰባቱ አንድ ላይ 200 ግራም ሊሆኑ ጥቂት ነው የሚቀራቸው። ይህን የሚያህል ብር በአንድ ጥቅል ስስ ካርቶን ውስጥ ስታስቀምጠው፣ ከደሴ አዲስ አበባ ባለው 400 ኪሎ ሜትር መንገድ፣ ያውም ጣርማ በርን ወጥቶ ወርዶ፣ እንደ መዶሻ ሆኖ ማዕዘኑን ሲደበድብ ይውላል። ጋዜጣው ይተረተራል፣ አንዱ ብር ከጥቅሉ ያፈተልካል፣ ከዚያ ጠፍጣፋ ጠርዙ ፕላስተሩ የተገናኘበትን ስፌት ያገኘዋል። የብስኩት ካርቶን ለብስኩት ነው የተሠራው። ብሩ በዚያ ስንጥቅ ወጥቶ ዕቃ መጫኛው ወለል ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው ከፍቶት ሊሆንም ይችላል። ሁለቱን የሚለይልህ ካርቶኑ ራሱ ነው።

ስለዚህ ጋሼን ከሁሉ አስቀድመህ የምትጠይቃቸው ካርቶኑን ነው። አልጣሉት እንደሆነ ስምንቱን ማዕዘንና ፕላስተሩን በደንብ በሚያሳይ ፎቶ ይላኩልህ። ማዕዘኑ ወደ ውጭ ተቀድዶ ጫፉ ከተንጨባረረ ብሩ ራሱ ገፍቶ ወጥቷል፤ ይህ ያስተሻሸግህ ጉድለት ነውና ዋጋው ባንተ ላይ ይወድቃል። ፕላስተሩ በምላጭ ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ ወይም ሌላ ፕላስተር ከተደረበበት ሰው ከፍቶታል። ያን ጊዜ መንገዱን የመረጡት እሳቸው፣ ያሸግኸው አንተ ስለሆንህ ግማሽ በግማሽ መካፈል ፍትሐዊ ይመስለኛል። ካርቶኑ ምንም ሳይሆን ብሩ ብቻ ከጎደለስ? እንዲህ ያለው ጥያቄ በፎቶ አይመለስም። በመተማመን ወይም በሦስተኛ ሰው ነው የሚዘጋው። ከፍተውት ጥለውት ከሆነ ደግሞ ምን ሁኔታ ላይ እንደነበር በቃል ይንገሩህ፤ አትከራከራቸው፣ ጻፈው።

ረዳቱን ሌባ ነህ ብለህ አትነሣበት። መናኸሪያ ሂድና በዚያ ቀን የወጣውን መኪና ረዳት ፈልገህ «ካርቶኑ ማዕዘኑ ተቀዶ ነበርና ዕቃ መጫኛው ውስጥ አንድ ክብ ብር ወድቆ ከሆነ፣ ላገኘው ሰው የድካሙን እሰጣለሁ» በለው። ሁለት ወር ስላለፈ ተስፋው ጠባብ ነው። ያም ሆኖ ብር መሬት ላይ ተጥሎ አይቀርም፤ ያገኘው ሰው ብር ሠሪ ጋ መውሰዱ አይቀርም። እዚህ ላይ የአያትህ ጠገራ ነገር ይመጣል። ዋጋውን የሚቀንሰው ያ የብየዳ ምልክት፣ ብሩ ከጠፋ ግን እንደ ስሙ ነው። ሌላው ጠገራ በሺህ ጠገራ መካከል አይለይም፤ ያንን ግን ደሴም ባቲም ያለ ብር ሠሪ ጠርዙን አይቶ ያውቀዋል። የጎደለው እሱ መሆኑን ዛሬ ሳትጠይቅ በቆየህ መጠን የማቅለጫው እሳት ይቀርበዋል። ጠይቅ። ደግሞም ከጋሼ እጅ ካሉት አምስቱ አንዱ ሆኖ ቢገኝ ለሁለት ወር የተሸከምኸው ሸክም በአንድ ጥያቄ ይወርዳል። መልሰህ ልግዛው ብትላቸውም ነውር የለውም።

ወደተጫረው ልለፍ። ጠገራውን በጠርዙ አቁመህ ተመልከተው፤ ዙሪያውን «በፍትሕና በምሕረት» የሚል የላቲን ጽሑፍ ጎላ ብሎ ተቀርጾበታል። ያ የጎላ ፊደል ከሌላ ብር ፊት ጋር ሲፋተግ እንደ ሞረድ ነው። ስድስት ጠገራ አንድ የምኒልክ ብር ላይ ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ሲንገጫገጭ ቢውል አለመጫሩ ነበር የሚገርመው። ግን ጭረቱ የመንገዱ መሆኑን ደግሞ አረጋግጥ። አዲስ ጭረት ነጭ ሆኖ ያበራል፤ የቆየ ጭረት በዙሪያው ካለው ብር ጋር አብሮ ጠቁሯል። ብሩን መስኮት አጠገብ አጋድመው፣ ብርሃኑ ከጎን እየመጣ፣ ከቅርብ ፎቶ ያንሡልህ። ፊቱ በሙሉ እኩል የሚያበራና ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱ ቀጫጭን መስመሮች ያሉት ከሆነ ግን ጭረት አይደለም፣ ሰው ፈትጎታል። ሎሚ፣ አመድ፣ የጥርስ ሳሙና የነካው የድሮ ብር እንዲያ ነው የሚሆነው፤ ተመልሶም አይድንም። ጋሼ ያደርጉታል አላልሁም፤ እንዲህ ያለውን እሳቸው ካንተ ይበልጥ ያውቃሉ።

ጭረቱ አዲስ ከሆነ ኃላፊነቱ ያንተ ነው፤ አትንጠላጠል። መጠኑ ግን ያለበት ቦታ ይወስነዋል። በንጉሠ ነገሥቱ ጉንጭ ወይም ፊት ለፊቱ ባለው ባዶ ሜዳ ላይ ያለፈ ጭረት ዋጋውን ክፉኛ ያወርደዋል። ጠርዝ አካባቢ ወይም በአንበሳው ጋማ ውስጥ የተሸሸገው ያን ያህል አይጎዳም። ይህን ሁለታችሁ በስልክ አትተምኑት። ሁለታችሁም የምታከብሩትን አንድ ሰብሳቢ ፎቶውን አሳዩና እሱ ያለውን ተቀበሉ። ከዚያ ውጭ ያለው አማራጭ ብሩን መልሰው አንተ የመመለሻውን ወጪና የተቀበልኸውን የዋጋውን ግማሽ እንድትመልስ ነው። እኔ ብሆን ሁለቱንም አቅርቤ ምርጫውን ለእሳቸው እተው ነበር፤ የሚመርጥ ሰው ቁጣው ይበርዳል።

«ኦሪጅናል የ1780» የምትለው ቃል ላይ ጋሼ ልክ ናቸው፤ በቁጣ ስለተናገሩት ስሕተት አይሆንም። እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ ያረፉት በዚያው በ1780 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ብሩ ግን ከዚያ ወዲህ ቀኑ ሳይቀየር ሲመታ ኖሯል። ቪየና መትታዋለች፤ ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ በርሚንግሃምና ቦምቤይም መትተውታል። ጣሊያን እኛን ሊወጋ ሲዘጋጅ በ1935፣ ያው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ የመምቻውን መብትና ቅርጽ ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ አስመታ። ሁሉም ላይ የሚነበበው 1780 ነው፤ ሁሉም ከሺህ 833 እጅ ንጹሕ ብር ነው። የሚለየውን ለማየት ማጉያ መነጽር ይዘህ የንስሩን ጅራት ላባ፣ የእቴጌይቱን የደረት ጌጥና የፊደሉን አጣጣል ከታወቁ ናሙናዎች ጋር ታስተያያለህ። አባቶቻችንም በዋዛ አይቀበሉትም ነበር፣ ዕንቁውን በጣት እየቆጠሩ ነበር የሚያገላብጡት። ከእንግዲህ ስትሸጥ «1780 የተጻፈበት ጠገራ፣ ክብደቱ ይህን ያህል፣ መቼና የት እንደተመታ አላጣራሁም» ብለህ ጻፍ። ጆሮ የነበረውን «ጆሮ የነበረው» በል። ዋጋው ትንሽ ይወርዳል፤ በኋላ የሚመጣው ስልክ ግን አይመጣም። ይቺን በአንድ ዓረፍተ ነገር «ቃሉን ያለ ጥንቃቄ ጽፌዋለሁ» ብለህ ዝጋት። የጣሊያኑን ብር ካልፈለጉት ይመልሱት።

አራተኛው የቡድኑ ጽሑፍ ነው። እዚህ ላይ ጋሼ ተሳስተዋል። ጥርጣሬ በዚህ ነገር አዲስ አይደለም። የጃንሆይ ዘመኑን 25 ሳንቲም ታውቀዋለህ፤ መጀመሪያ ክብ ነበር፣ ሰዎች ብር እየቀቡ በ50 ሳንቲም ስም ሲያሳልፉት ነው ጠርዙ እንደ አበባ እንዲሸራረፍ የተደረገው። ሰብሳቢ ሁሉ ይህን ታሪክ እያወቀ ነው የሚያድገው፣ ስለዚህ «ተጠንቀቁ» መባባሉ አያስቀይምም። የሚያስቀይመው ሂሳቡ ሳያልቅ፣ አንተን በአካል ሳይሰሙ፣ አገር ጠርተው መጻፋቸው ነው። የብስኩት ካርቶን ከደሴም ይላክ ከመርካቶ ማዕዘኑ እኩል ነው የሚቀደደው።

ቢሆንም ቡድኑ ውስጥ ገብተህ አትመልስ። እዚያ የምትጽፈው እያንዳንዱ ቃል ጋሼን ከተመልካች ፊት ያቆማቸዋል፤ ከተመልካች ፊት የቆመ ትልቅ ሰው ደግሞ ወደ ኋላ አይመለስም። ባለቤትህ «አትካሰስ» ስትል ይህን ማለቷ ከሆነ ትክክል ናት። «ዝም በል» ማለቷ ከሆነ ግን ልከራከራት፤ ዝም ካልህ ስላንተ ተጽፎ የሚቀረው ያቺ መስመር ብቻ ነች። አስታራቂ ሽማግሌ፣ አበጋር የሚጠራበት ጉዳይም አይደለም። አንድ ስልክና አንድ መልእክት ይበቃዋል።

መጀመሪያ ደውል። ለትልቅ ሰው በጽሑፍ መቅደም ክስ ይመስላል። ሲመሽ፣ ቤታቸው ሲገቡ፣ ስለ ጤናቸው ጠይቀህ፣ ከዚያ ጥፋትህን አንተው ቀድመህ ተናገር። ስልኩ እንዳለቀ የተነጋገራችሁት እንዳይረሳ እንዲህ ያለ መልእክት ላክላቸው፦ «ጋሼ፣ እንደተነጋገርነው አስተሻሸጉ ላይ ጉድለቱ የኔ ነው። ካርቶኑ በማዕዘኑ ተቀዶ ከሆነ የጎደለውን ጠገራ ሙሉ ዋጋ ከቀሪው ሂሳብ ይቀንሱ፤ ሰው ከፍቶት ከሆነ እንካፈለው። የምኒልኩን ወይ ይመልሱልኝ፣ ወይ ሁለታችንም የምናምነው ሰው አይቶ የሚለውን ይቀንሱ። የቀሩት ጠገራዎች ውስጥ ጠርዙ ላይ ብየዳ ያለበት ካለ የአያቴ ነውና ይንገሩኝ። ያች ስለ ወሎ የጻፏት ግን ከብዳኛለች፤ ሂሳባችን ሲያልቅ እርስዎው ቢያነሷት ደስ ይለኛል።» በራስህ አነጋገር ለውጠው፤ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ግን አታውጣት። አስተማሪህ ናቸው። እንደተጎዳህ ካልነገርሃቸው አያውቁም።

ዐሥር ቀን ስጣቸው። መልስ ካልመጣ ቡድኑን ከሚመራው ወይም ሁለታችሁን ከሚያውቅ ሰብሳቢ አንዱን በግል «መሐላችን ግባ» በለው። ያም ካልሆነ፣ ያን ጊዜ ብቻ፣ ቡድኑ ላይ ሦስት መስመር ትጽፋለህ፤ ምን እንደላክህ፣ ምን እንደጎደለ፣ ምን ለመክፈል እንዳቀረብህ። ስም የለ፣ ስድብ የለ። ክፍያውን ራሱን በተመለከተ ከአንድ ጠገራና ከጭረቱ ቅናሽ በላይ እንዲይዙ አትፍቀድ። አምስት ጠገራ ተቀብለዋልና የአምስቱ ዋጋ ሙሉ ነው።

አሁን ስለ አላላኩ፣ ዋናው ነገር እዚህ ነውና። ብር ከብር ጋር መነካካት የለበትም። ጠንካራ ካርቶን በምትከትበት ቆርቆሮ ልክ አራት ማዕዘን እየቆረጥህ፣ ለእያንዳንዱ ብር ሦስት አዘጋጅ። የመካከለኛውን በብሩ ልክ ክብ አድርገህ ቅደደው፤ ጠገራ ወርዱ ወደ 40 ሚሊ ሜትር ነው። ብሩን ማተሚያ ባልነካው ነጭ ወረቀት ሸፍነህ ቀዳዳው ውስጥ አስተኛው፣ ሁለቱን ካርቶን ከላይና ከታች ግጠምበት፣ አራቱንም ጎን በፕላስተር እሰር። ፕላስተሩ ብሩን አይንካ፤ ሙጫው ይጣበቅበታል። የጎማ ላስቲክም አታስርበት፣ በውስጡ ያለው ድኝ ብርን ያጠቁራል። የሚሸት ለስላሳ የፕላስቲክ ኪስ ለአንድ ቀን መንገድ ምንም አይል፤ ለዓመታት ከቆየበት ግን አረንጓዴ ቅባት ይተፋበታል። ቤትህ ያለውንም እስቲ አሽትተው።

የተጠቀለሉትን ካርቶኖች ደራርበህ በጨርቅ አጥብቀህ ጠቅልልና የሻይ ቅጠል ወይም የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ከተተው፤ ክፍተቱን በጥጥ ወይም በጨርቅ ሙላ። ክዳኑን ዝጋና ጆሮህ አጠገብ አንቀጥቅጠው። ትንሽም ድምፅ ከሰማህ አልሞላም፤ ክፈትና ጨምር። ከዚያ ቆርቆሮው ወፍራም ካርቶን ውስጥ ይገባል፤ በየጎኑ ሦስትና አራት ጣት የሚያህል ጨርቅ ወይም የተጨማደደ ወረቀት ይኑረው። ስፌት የተባለውን ሁሉ፣ ማዕዘኖቹን ጨምረህ፣ በፕላስተር አልብስ። ፕላስተሩ ያለቀበት ጫፍ ላይ ግማሹ በፕላስተሩ ግማሹ በካርቶኑ እንዲያርፍ አድርገህ ፈርም። ፕላስተሩን ያነሣ ሰው ፊርማውን መልሶ አይገጥመውም።

ቀጥሎ ሚዛን። ይህን ብታደርግ ኖሮ ዛሬ ይህን ደብዳቤ አትጽፍም ነበር። ብሮቹን አንድ በአንድ ብር ሠሪ ጋ አስመዝንና ከሁለቱም ፊት ከጠርዙም ፎቶ ጋር ለገዢው ላክለት። የታሸገውንም ዕቃ መዝነህ ቁጥሩን በስልክ ላክ፣ ካርቶኑ ላይ አትጻፈው። ተቀባዩ ሳይከፍት ይመዝን። አንድ ጠገራ የጎደለበት ዕቃ 28 ግራም ቀልሎ ነው የሚገኘው፤ ግራም የሚያነብ የኩሽና ሚዛን ይበቃዋል። ክብደቱ ልክ ከሆነ ብሩ መንገድ ላይ አልጠፋም፤ ከጎደለ ተቀባዩ አልወሰደውም። ከዚያ የሳጥኑን ስድስቱንም ጎን እያሳየ፣ ቪዲዮውን ሳያቋርጥ፣ የመጨረሻው ብር እስኪወጣ ይክፈተው። በዚህ የሚቀየም ገዢ ካለ ከመላክህ በፊት ብታውቀው ይሻላል።

በማን እጅ? ከሁሉም የሚሻለው የምታምነው ሰው ሲሄድ በእጅ ቦርሳው መላክ ነው። ለረዳት ከሰጠህ ዕቃ መጫኛው ውስጥ አይጣል፤ የድካሙን ከፍ አድርገህ ክፈለውና «ጋቢና ከራስህ ጋር ያዝልኝ፣ ተሰባሪ ነው» በለው፤ የሰሌዳ ቁጥሩንና ስልኩን ያዝ፣ የመኪናውን መውጫ ሰዓት ለተቀባዩ ንገር። ብር ነው አትበለው። ግን ዝርዝሩን፣ የላኪና የተቀባይ ስልክ ያለበት ወረቀት ውስጡ ይኑር፤ ኬላ ላይ ቢከፈት ማንነቱ ያልታወቀ ብረት ሆኖ ረዳቱን አያስጠይቀው። በፖስታ ከሆነ፣ ኢትዮጵያ ከ1908 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ናት፤ የኅብረቱ ደንብ ሳንቲምና የከበረ ማዕድን ዋስትና በሌለው ደብዳቤ ውስጥ አይከተት ይላል። ስለዚህ መስኮቱ ላይ «ሰነድ ነው» ብለህ አትላክ። ምን እንደሆነ ተናገርና በዋስትና ይቀበሉ እንደሆነ፣ ቢጠፋ እስከ ስንት እንደሚከፍሉ ጠይቅ። የሚከፍሉት ከዕቃው ዋጋ ካነሰ ለሁለት ከፍለህ በተለያየ ቀን ላከው። ደግሞም ከመላክህ በፊት ከገዢው ጋር አንድ መስመር ተጻጻፉ፤ መንገዱን የመረጠው ማን ነው፣ ዕቃው ቢጠፋ የማን ነው።

የውጭዋን ዘመድህን እምቢ በላት። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ይከለክላል። «የአያቴ ነው» ወይም «ባቲ የገዛሁት ነው» ማለት ቦሌ ፍተሻ ላይ መልስ አይሆንም፤ የሚያዘው ደግሞ መንገደኛው ነው፣ አንተ አይደለህም። በጣም ከፈለገች ደሴ ወዳለው የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት ብሩን ይዘህ ሄደህ ስለ ፈቃዱ ጠይቅ፤ እስከዚያው ፎቶ ላክላት።

የወልድያው ሰው ቀላል ነው። «ያዝልኝ» የሚል ሰው ሁልጊዜ አታላይ አይደለም። አብዛኛው «አልገዛም» ማለት የሚያፍር ነው። ስለዚህ መውጫ በር አብጅለት፦ «ወንድሜ፣ እስከ መጪው ቅዳሜ ሩቡን ቀብድ ብትልክልኝ አንድ ወር እይዝልሃለሁ፤ ካልተመቸህ ግን አትጨነቅ፣ ለሌላ እሰጠዋለሁ።» ከዚህ ወዲያ ያለ ቀብድ ከሁለት ቀን በላይ ለማንም አትያዝ፤ ለዘመድም ቢሆን። ቅዳሜ ማታ ድረስ ቀብዱ ካልገባ እሑድ ጠዋት ለሌላ አቅርበው፣ ለእሱም «ሰጥቻለሁ» ብለህ ንገረው፣ በሰው እንዳይሰማ።